አደይን ፍለጋ በኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ እንጦጦ

አደይ አበባን በኅዳር የሚፈልጋት የለም። በመስከረም ሁሉም ይፈልጋታል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በየአስፋልቱ ዳር በእቅፍ በእቅፍ ትሸጣለች። ልጆች ይዘዋት ይዘፍናሉ። ለደመራ ችቦው ላይ ትታሰራለች። ጥቅምት ሲገባ ግን ማንም አያስታውሳትም። እኔ የዓመት ፈቃዴን ለዚህ ሳምንት ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። የአደይ ዘር የሚለቀመው አሁን ነው።

ነገሩ የጀመረው ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ነው። በከተማው ምሥራቅ ጫፍ ነው ያለው። ልጅ ሆኜ አክስቴን ለመጠየቅ ወደዚያ ስንሄድ፣ አሁን ብሎኮቹ የቆሙበት ሜዳ በመስከረም ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር። ዛሬ ኮብልስቶንና የመኪና ማቆሚያ ነው። አምና ክረምት ጎርፍ መውረጃው ዳር ሦስት እግር አደይ በቅላ አየሁ። ደስታዬን ለሰው ሁሉ ነገርኩ። ጳጉሜን ላይ ግቢው ለበዓል ሲጸዳ አብራ ታጨደች።

አደይ ከአገር ልትጠፋ ነው እያልኩ አይደለም። ራቅ ባለው ደጋ አሁንም ሜዳውን ታለብሰዋለች። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ግን በየዓመቱ እየራቀች ነው። ከእኛ ሰፈር ደግሞ ጨርሳ ሄዳለች። ለእኔ ይሄ በቂ ነው።

ካቻምና ለበዓል ከገዛሁት ላይ ዘር ላወጣ ሞክሬ ነበር። ሁለት እቅፍ አደይ በረንዳ ላይ ዘቅዝቄ አደረቅኩ። ጋዜጣ ላይ ሳራግፈው ጥቁር ጥቁር ነገር ረገፈ። ዘር መሰለኝ። ሰኔ ላይ ዘራሁት፣ አንድም አልበቀለም። የባዮሎጂ መምህርት የሆነች ጓደኛዬ የቀረውን ወስዳ በምላጭ ሰነጠቀችው። ውስጡ ባዶ ነበር። "አብባ እያለች ነው የተቆረጠችው፣ ፍሬዋ ሳይሞላ" አለችኝ። ቀጥላም አደይ የአንድ ዓመት ተክል መሆኗን ነገረችኝ። ሥሯ ለከርሞ አይቆይም። ለከርሞ የሚተርፈው ዘሯ ብቻ ነው። በየዓመቱ የምንገዛው እቅፍ ሁሉ እንግዲህ ዘር ሳያፈራ የተቀጠፈ ነው። ያን ቀን ያሰብኩት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ለዚህ ጉዞ ዕቃ ያዘጋጀችልኝም እሷ ናት። ምላጭ፣ እርሳስ፣ የወረቀት ከረጢት። ፌስታል ከለከለችኝ፣ ዘር ፌስታል ውስጥ ይታፈንና ይሻግታል። ሕግም ሰጠችኝ። ከደረሰው ዘር ከአምስት አንዱን እወስዳለሁ፣ አራቱን ለመሬቱ እተዋለሁ። ደግሞ ከአንድ እግር ብቻ ብዙ አልለቅምም። ቢቻል ከ50 እግር በላይ፣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ። አንዷ ድርቅ ትችላለች፣ ሌላዋ ውርጭ ትችላለች፣ ሁሉም ዓይነት መግባት አለበት።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ከተማዋን አቆይቷታል፣ አልክድም። ከሥሩ ግን የረገፈ ቅጠልና ደረቅ አፈር እንጂ ሌላ ብዙ አይታይም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሄጄ አንድ የአደይ አገዳ አላገኘሁም።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው አረፉ። ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"እናቴ፣ አደይ እዚህ የት ይገኛል?"

"አሁን በኅዳር? አበባዋ'ኮ አለቀ ልጄ።"

"ዘሯን ነው የምፈልገው።"

"ዘሯን!" አሉና ትንሽ አሰቡ። "እኛ እንደው ዝም ብላ የምትወጣ ነው የሚመስለን።" ከዚያ በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። "ከማርያም አጥር ጀርባ ሂጂ። እዚያ ማጭድ አይገባም።"

እውነታቸውን ነው። እንጦጦ ማርያም ጀርባ፣ የድንጋዩ አጥር ሥር፣ ወገቤ የሚደርሱ ደረቅ አገዳዎች ቆመው አገኘሁ። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቢጫው የለም። በቦታው ቡናማ፣ የተከፈተች ትንሽ ኮከብ የምትመስል ራስ አለች። ኮከቧ ራሷ ዘሮቹ ናቸው። አበባዋ መሃል ላይ ከነበሩት ጥቃቅን አበቦች አንዳንዷ አንዳንድ ዘር ሠርታለች። በጣቴ ነካ ሳደርጋት መዳፌ ላይ ተበተኑ። ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያሉ፣ ዳርና ዳራቸው ላይ ስስ ክንፍ ያላቸው ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው፣ ማክሮፕቴራ ማለት ደግሞ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። አደይ የምንላቸው ሌሎች እህቶችም አሏት፣ እሷ ግን ስሟን ያገኘችው ከዚህች ክንፍ ነው። ሱሪዬ ላይ ተሰክቶ የመጣው የሰይጣን መርፌም የቅርብ ዘመዷ ነው። እሱ በሾሉ ጥርሶቹ ሰውና ከብት ላይ ተጣብቆ አገር ያዳርሳል።

አሥር ዘር መርጬ በምላጭ ሰነጠቅኩ። ስድስቱ ውስጥ ነጭ፣ ቅባት ያለው ፍሬ አለ። ሦስቱ ባዶ ናቸው። አንዱን ትል በልቶታል። ከ23 እግር ለቀምኩ። ከዚያ በላይ አልነበረም። ከረጢቱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና የእግሩን ብዛት በእርሳስ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ። የእንጦጦን ጀርባ አልፎ መንገዱ ሲያቆለቁል የሱሉልታ ሜዳ ፊት ለፊት ይዘረጋል። በዚህ ወር ሜዳው የድርቆሽ አገር ነው። በየቦታው ክምር፣ በየመንገዱ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ። የአዲስ አበባ የወተት ላሞች ከሚበሉት ብዙው ከዚህ ይሄዳል።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ የማሳ ዳር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የደረቀ አገዳ አየሁ። ልቤ ዘለለ። ማንንም ሳልጠይቅ ከረጢቴን ግማሽ ሞላሁ። አንድ አባት በትራቸውን ይዘው መጡ።

"ምን ጠፋሽ ልጄ?"

"የአደይ ዘር እየለቀምኩ ነው አባባ።"

መዳፌን ገልጠው አዩ። "ይሄማ መች ነው።"

መች የኑግ ዘመድ ነው። አበባውም እንደ አደይ ቢጫ ነው፣ ከሩቅ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ዘሩን ግን አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጡልኝ ልዩነቱ ፈጦ ታየኝ። የመች ዘር አጭር፣ ድቡልቡልና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ክንፍ የለውም። የትናንትናው ከረጢት በቦርሳዬ እያለ እንኳ አላስተዋልኩም። ችኩል ዓይን የፈለገውን ነው የሚያየው። ልደፋው ስል እጄን ያዙኝ። "ማሳዬ ላይ እንዳትደፊው! ዕድሜ ልኬን ስነቅለው ነው የኖርኩት።" ከረጢቱን ወስደው ቤታቸው እሳት ውስጥ ጨመሩት።

አደይን እሳቸው ኬሎ ይሏታል፣ በኦሮምኛ። ለኢሬቻ ከእርጥብ ሣር ጋር የምትያዘው እሷ ናት። እኔ ለመስቀል፣ እሳቸው ለኢሬቻ እያልን አንድ አበባ ስናወራ ቆየን። ከዚያ በሜዳው መሃል ይዘውኝ ሄዱ።

እዚህ የተማርኩትን በደንብ ልጻፈው። ድርቆሽ የሚታጨድበት ጊዜ የአደይ ዕጣ ፈንታ ነው። ሣር ሲያብብ፣ ሳይጠነክር ቢታጨድ ለከብት ይሻላል። ነጋዴውም ይህን ያውቃል፣ አረንጓዴውን ነው የሚፈልገው። ግን ያኔ አደይም ገና አበባ ላይ ናት። አብራ ትታጨዳለች፣ አብራ ትጫናለች፣ መሬቱ ላይ ምንም አትተውም። እንዲህ ሁለት ሦስት ዓመት ከተደጋገመ ሜዳው ሣር ብቻ ይሆናል። ከእሳቸው አጠገብ ያለው የተከራየ መስክ እንዲህ ሆኗል። አንድ አገዳ የለበትም። የእሳቸው ግን ዳር ዳሩ አምስት ስድስት እርምጃ ያህል ሳይታጨድ ቆሟል፣ ሙሉ አደይ ነው።

"ለኬሎ ብለው ነው የተዉት?"

"ለንቦቼ ነዋ።"

ከግራሩ ላይ ሦስት ቀፎ ተሰቅሏል። መስከረምና ጥቅምት ንቦቹ በአደይና በመች ላይ ነው የሚውሉት፣ የዚህ ወቅት ማር የሚቆረጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ያቺን ዳር ቢያጭዷት አንድ ሁለት ሸክም ድርቆሽ ያገኛሉ። ማሩ ይበልጥብኛል አሉ። እኔም ከዚያች ዳር እስኪመሽ ለቀምኩ። ራሷ ደርሳ በንክኪ የምትረግፈውን ብቻ። ከ60 እግር በላይ ሆነ።

ሱሉልታ ከተማ አልጋ ይዤ አደርኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፤ ሱሉልታ

ጠዋት ሜዳው ላይ ነጭ ውርጭ ወርዶ ነበር። ፀሐይ ሲነካው እንደ ላብ ጠፋ። አባባ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር። ረቡዕ ስለሆነ በሽሮ አበሉኝ። ትናንት የመጣሁበትን ጉዳይ ሰምተዋል። ቡናው ሦስተኛው ሳይፈስ "ነይ፣ እኔ የማውቀውን ላሳይሽ" አሉኝና ተነሡ።

ወሰዱኝ ድርቆሹ ተከምሮበት ወደተጫነው ቦታ። ክምሩ የለም፣ መሬቱ ላይ ግን ከድርቆሹ የረገፈ ብናኝ ጣት የሚያሰጥም ያህል ተኝቷል። በመጥረጊያ ሰበሰቡትና ሰፌድ ላይ አደረጉት። ሰፌዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አነሣ አነሣ አደረጉት። እብቁ በነፋስ ሄደ። የቀረውን ወደ አንድ ጎን አንገዋለሉት። ዝም ብዬ አየሁ። የሣር ዘር አለ። የማገጥ ዘር አለ። መች አለ። በመሃል መሃል ደግሞ ክንፍ ያላቸው፣ ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያሉ። ዘግይቶ ከታጨደው ሜዳ የመጣው አደይ ሁሉ እዚህ ረግፏል። እኔ ሁለት ቀን አንድ በአንድ ስለቅም የዋልኩትን ያህል በአንድ ሰፌድ አየሁት።

"ምን ያደርጉበታል እማማ?"

ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። ጎርፍ የበላው ገላጣ ቁልቁለት አለ። በየዓመቱ ሰኔ መግቢያ ላይ ይህን ብናኝ እዚያ ይበትኑታል። አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የበተኑበትና ያልበተኑበት በዓይን ይለያል። በአንዱ በኩል ቀይ አፈር ነው፣ በሌላው ሣርና ደረቅ የአደይ አገዳ። ማንም አላስተማራቸውም። "መሬቱ ራቁቱን ሲሆን አሳዘነኝ" ነው ያሉኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይሞላል።

ቤታቸው ውስጥ ከምድጃው በላይ ቅል ተሰቅሏል። የጎመን ዘር ነው። ጭሱ ነቀዝ ያርቃል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። ዶክተር መላኩ ወረደ የኢትዮጵያ ገበሬ ዘሩን በቤቱና በማሳው እንዴት እንደሚያቆይ ለዓለም ያስረዱ ሰው ናቸው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት የወሰዱት በዚህ ሥራቸው ነው። እማማ ስማቸውን አልሰሙም። ቅሉ ግን እዚያው ተሰቅሏል። ስሰናበት ትንሽ ቅል ባዶውን ሰጡኝ፣ ለአደይዋ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ቤት

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ኅዳር የሚታጠንበትም ቀን። በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። አያቶቻችን ይህን የጀመሩት በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ከጨረሰ ወዲህ ነው። ራስ ተፈሪም ያኔ ታመው ተርፈዋል። ጠዋት መስኮት ስከፍት ከተማው በሙሉ ጭስ ለብሷል።

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ከአገዳ ጋር ያመጣሁትን ጆንያ ኮሪደሩ ላይ አጣሁት። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። የሰፈሩ ልጆች ቆሻሻ መስሏቸው ለእሳቱ አውርደውታል። ገና አልጨመሩትም፣ ተራ እየጠበቀ ነበር። አንዷን ራስ ከፍቼ ዘሩን አሳየኋቸው። አንዲት ልጅ "ይሄ አበባየሆሽ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ጆንያውን ራሷ ተሸክማ እስከ ቤቴ አወጣችልኝ።

ከሰዓት በኋላ ዘር ሳበጥር ዋልኩ። እጄ እንደ እማማ አይደለም፣ ብዙ ዘር ከእብቁ ጋር እየሄደብኝ መልሼ ለቀምኩ። ጎረቤቴ እትዬ ቀበርቾ አጭሰው ሽታው በበሩ ሥር ገባ። ቀበርቾ እወዳለሁ፣ የአራስ ቤት ሽታ ነው። ግን ዛሬ ሌላ ነገር አሰብኩ። ቀበርቾ የሚታጨሰው ሥሩ ነው። ሥሩን ለማግኘት ተክሉ ይነቀላል። ከአገራችን ውጭ የትም አይበቅልም፣ ገበያ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛው ከዱር ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ ነው። አደይንም ከሌላ ወገን አውጥቶ አሁን ወዳለችበት ወገን ያስገባት እሱ ነው። የሁለቱም ሙሉ ሳይንሳዊ ስም መጨረሻ ላይ "መስፍን" የሚል ቃል አለ። እትዬን ቀበርቾው ዘር እንዳለው ጠየቅኳቸው። አበባውን አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁም። ለከርሞ ይህንንም መፈለግ አለብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ዘሩን በጥላ አሰጣሁት። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፤ ጉለሌ

ከጓደኛዬ ጋር ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄድን። በከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ 705 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር አብረው ያቋቋሙት ቦታ ነው። ባሕር ዛፉ መሃል ጽድና ኮሶ ሲያድግ ማየት ደስ ይላል።

እዚያ ስንዘዋወር ዕድሜውን ሙሉ ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ሰው አገኘን። ከረጢቶቼን ተራ በተራ ከፈተ። መጀመሪያ ያነበበው ዘሩን ሳይሆን ጽሑፉን ነው። ቦታ፣ ቀን፣ ከስንት እግር። "ጥሩ ነው" አለ፣ ከዚያ ዘሩን አሸተተ። ሽታው ካልሻገተ ደህና ነው።

የነገረኝን እንዳለ አሰፍራለሁ። ዘሩ ደርቆ፣ ቅዝቃዜ ባለበትና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። አዲስ የተለቀመ ዘር ሁሉ ወዲያው አይነሣም፣ አንዳንዱ ወራት መተኛት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጥር ሃያ ዘር እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጌ ልሞክር፣ ባይበቅል አልደንግጥ፣ በግንቦት ደግሜ ልሞክር። የበልግ ዝናብ አያታልለኝ። በሚያዝያ ዘንቦ ቢያበቅለውና ቢያቋርጥ ቡቃያው በአንድ ሳምንት ይደርቃል። ዝናቡ ሲጸና፣ ሰኔ ላይ ይዘራ። አፈሩ ጫር ጫር ይደረግ፣ ዘሩ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይበተን፣ አፈር በላዩ በስሱ ብቻ ይልበስ። ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ደገመው። "እስከ ኅዳር ማጭድ አይንካት።"

እኩሌታውን ለእሱ ሰጠሁት። አንድ ቤት ብቻ ከተቀመጠ አንድ አይጥ ይበቃዋል።

ማታ ግቢ ስገባ የብሎካችን ጥበቃ ጋሼ በር ላይ ነበሩ። ሦስቷን አደይ ያጨዱት እሳቸው ናቸው። ግቢውን አጽዳ ተብለው ነው፣ አልተቀየምኳቸውም። ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ከቅሉ ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። ወደ መብራቱ አስጠግተው አገላበጡት።

"ይቺ ናት እንዴ ዘሯ? አገሬ ሳለሁ በጥቅምት ከብት ስጠብቅ ልብሴ ላይ የምትራገፍ ነገር ነበረች። ምን እንደሆነች ሳላውቅ ነው ያደግኩት።"

የት ልዝራ ብዬ አማከርኳቸው። ጎርፍ መውረጃው ዳር ይሻላል አሉ፣ መኪና አይደርስበትም። የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ሄድን። ከኮብልስቶኑ የተረፉ ድንጋዮች ከግንቡ ሥር ተከምረዋል። አራቱን አንድ በአንድ አምጥተው በአራት ማዕዘን አስቀመጡ። አንዱ ጠመም ብሎባቸው መልሰው አስተካከሉት።

"የሚያጭደው ልጅ አዲስ ነው" አሉ። "እኔ እነግረዋለሁ።"